ጋራዥ ከፍቶ ማቆየት፦ ለግል የመኪና ጥገና ሥራ መመሪያ

ጋራዥ የሚሸጠው የሰው ሰዓት ነው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ከመለዋወጫ ሱቅም ይገኛሉ፤ መኪናው ለምን እንደተበላሸ የሚለይ፣ የፈታውን መልሶ የሚገጥምና ለገጠመው ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ግን የሚገኘው ጋራዥ ውስጥ ነው። የሚቸገሩት ጋራዦች ሁሉ ሥራ ያጡ አይደሉም። ግቢው በመኪና ተጨናንቆ፣ መካኒኮቹ ከጠዋት እስከ ማታ ከመኪና ሥር ሳይወጡ፣ ወሩ ሲሞላ የኪራይ ገንዘብ የሚያጣ ጋራዥ ብዙ ነው። ነገሩ ሲመረመር ሰዓቱ አልተቆጠረም፤ ምርመራው በነጻ ተሠርቷል፤ የእጅ ዋጋው በክርክር ወርዷል፤ መለዋወጫ የሚጠብቅ መኪና ደግሞ ለሳምንታት ቦታ ይዞ ቆሟል።

ከዚህ በታች የተቀመጠው ቅደም ተከተል መነሻ ያደረገው አዲስ አበባ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት መካኒክ ይዞ የሚሠራን፣ የማንም አስመጪ ወኪል ያልሆነን ጋራዥ ነው። ወኪል ድርጅት፣ ለምሳሌ የቶዮታው ሞኤንኮ፣ የፋብሪካ ማኑዋልና የራሱ የመለዋወጫ መጋዘን አለው፤ በዋስትና ላይ ያለ አዲስ መኪናም ወደ እሱ ይሄዳል። ለግል ጋራዥ የሚተርፈው ዋስትናው ያለቀ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሦስትና አራት ባለቤት የቀየረ መኪና ነው። ዛሬ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ነገ ቪትዝ፣ ከነገ ወዲያ አይሱዙ ይገባል። ሁሉን መቀበል ደንበኛ ያበዛል፤ ነገር ግን መሣሪያውንም ዕውቀቱንም ይበታትናል። አዲስ የሚከፈት ጋራዥ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት መኪና መርጦ በእነሱ ቢታወቅ፣ ለሌላው ሥራ ደግሞ የሚላላከው ጎረቤት ባለሙያ ቢኖረው ይሻለዋል።

ቦታ፣ ውልና ፈቃድ

መጀመሪያ የሚታየው የቦታው ኪራይ መጠን ሳይሆን የውሉ ዕድሜ ነው። የመመርመሪያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ወለል በሲሚንቶ መምታት፣ ሦስት ፌዝ መብራት ማስገባት፣ የዘይት ማጣሪያ ጉድጓድ ማበጀት፣ ይህ ሁሉ በሰው መሬት ላይ የሚቀበር ገንዘብ ነው። በቃል ወይም በአንድ ዓመት ውል የተገባበት ግቢ ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር ወይም ቦታው ለኮሪደር ልማት ሲፈለግ ተከራዩ ሰብስቦ የሚወጣው መፍቻውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጸድቃል። ቢያንስ የሦስት ዓመት ዘመን፣ የኪራይ ጭማሪው ጣሪያ፣ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜና ተከራዩ ነቅሎ ሊወስድ የሚችላቸው ነገሮች ዝርዝር በግልጽ ይሰፍሩበታል። የውሉ ዘመን አጭር ከሆነ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ተነቃቅሎ የሚሄድ ሊፍት መግዛት ብልህነት ነው።

ቦታው ሲመረጥ መኪና የሚቆምበትና የሚሠራበት ቦታ ተለይቶ ይቆጠራል። አሥር መኪና የሚያቆም ግቢ አራት መኪና ብቻ ሊያሠራ ይችላል። ከዚያ በላይ የገባው መኪና ገቢ አያመጣም፤ የመግቢያ መንገድ ይዘጋል፣ ይጫራል፣ ባትሪው ይሞታል።

ንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የብቃት ማረጋገጫ በየተራቸው ተሟልተው ንግድ ፈቃድ ይወጣል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። የብቃት ማረጋገጫው ቦታውን፣ መሣሪያውንና የባለሙያውን የትምህርት ማስረጃ ስለሚመለከት ግቢው ከመከራየቱ በፊት መስፈርቱን ወስዶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ተከራይቶ የስፋቱ መጠን አይበቃም መባል ውድ ስህተት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ጋራዥ በሚያቀርበው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ጨምሮ እንደሚሰበስብ በፕሮፎርማው ላይ ከመጀመሪያው ያሳያል። ታክሱ ሳይገለጽለት ቆይቶ በመጨረሻ ደረሰኝ ሲቆረጥ የሚጨመርበት ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም።

የአንድ ሰዓት ዋጋ

የእጅ ዋጋ በአብዛኛው የሚተመነው ጎረቤት ጋራዥ ስንት እንደሚያስከፍል ተጠይቆ ነው። ጎረቤቱ ግን የራሱን ወጪ ላያውቅ ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ይከስራሉ። ትክክለኛው መንገድ የወር ወጪን ደምሮ በትክክል በተሸጠው ሰዓት ማካፈል ነው።

ለምሳሌ ያህል ኪራይ 50,000 ብር፣ የሠራተኛ ደመወዝና የጡረታ መዋጮ 75,000፣ የባለቤቱ የራሱ ደመወዝ 25,000፣ መብራት፣ ውሃና ጥበቃ 12,000፣ የመሣሪያ መተኪያ 10,000፣ ልዩ ልዩ 8,000 ቢሆን ድምሩ 180,000 ብር ይመጣል። ሦስት መካኒኮች በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር አራት ሳምንት ቢሠሩ 576 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን አይሸጥም። መለዋወጫ ፍለጋ፣ መብራት መጥፋት፣ ደንበኛ ማነጋገር፣ የተመለሰ ሥራ መድገም ይበላዋል። ከመቶ 60 እጁ ተሸጠ ቢባል 345 ሰዓት ያህል ይቀራል። 180,000 ለ345 ሲካፈል አንድ ሰዓት 522 ብር ገደማ ያወጣል፤ ይህም ትርፍ የሌለበት፣ ቤቱን ሳይዘጋ የሚያቆይ ዋጋ ነው።

በስሌቱ ውስጥ ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል። አንደኛው የባለቤቱ ደመወዝ ነው። ብዙ ባለጋራዥ ለራሱ ደመወዝ ሳይቆርጥ ከዕለቱ ሽያጭ እያነሳ ስለሚጠቀም ሥራው ትርፍ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አይችልም። ሁለተኛው የተሸጠው ሰዓት መጠን ነው። ከ60 ወደ 70 በመቶ ቢያድግ የሰዓቱ ወጪ ወደ 447 ብር ይወርዳል፤ ዋጋ ሳይጨመር፣ ሠራተኛ ሳይቀነስ። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር በእጅ ዋጋ ከመከራከር በፊት የባከነውን ሰዓት ማሳደድ ይቀድማል። መካኒኩ ሥራ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት በየሥራ ካርዱ ላይ ቢጽፍ በሁለት ወር ውስጥ የፍሪሲዮን ቅየራ፣ የፍሬን ሥራ፣ የቺንጋ ቅየራ በዚያ ቤት በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያሳይ የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋ መናገር ግምት መሆኑ ያበቃል።

መኪና መረከብ

አብዛኛው ጠብ የሚጀመረው መኪናው ሲገባ ያልተጻፈ ነገር ስላለ ነው። ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የነዳጁ መጠን፣ በአካሉ ላይ ያለው ጭረትና እብጠት፣ የስኮርት ጎማው፣ የክሪኩና የቴፑ መኖር አለመኖር በሥራ ካርድ ላይ ይመዘገባል። አራቱንም ጎን በስልክ ፎቶ ማንሳት አንድ ደቂቃ ነው፤ ፓራውልቱ መኪናው ከመግባቱ በፊት የተሰነጠቀ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ደንበኛው የሚናገረው እንደተናገረው ይጻፋል። «ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ይተዋል» የሚለው አነጋገር ለመካኒኩ ከማንኛውም መሣሪያ የማያንስ ፍንጭ ነው። «ፍሪሲዮን ቀይሩልኝ» ብሎ የመጣ ደንበኛ ግን ያመጣው ችግሩን ሳይሆን መፍትሔውን ነው። ካርዱ ላይ መስፈር ያለበት ምን ቢያይ ፍሪሲዮን እንዳሰበ ነው፦ ማርሽ አልገባ ብሎት ነው? ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ብሎ ነው? ሲረግጠው ይንቀጠቀጣል? ማርሹ አልገባ ያለው በፍሪሲዮን ዘይት ማነስ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮን ተቀይሮ ችግሩ ሳይጠፋ ቢቀር ደንበኛው «ቀይሩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አይልም።

ካርዱ ላይ ደንበኛው ሳይጠየቅ ሊሠራ የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ ይጻፋል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ በስልክ ተነግሮ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የተፈቀደበት ሰዓትና የተናገረው ሰው ስምም ይሰፍራል። የድርጅት መኪና ከሆነ ሹፌሩ የማዘዝ ሥልጣን እንዳለውና እንደሌለው መጀመሪያ ይጣራል።

ምርመራ

ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የራሱ ዋጋም ሊኖረው ይገባል። ደንበኛው በጋራዡ ለመሥራት ከወሰነ የምርመራው ሒሳብ ከእጅ ዋጋው ላይ ሊቀነስለት ይችላል፤ አልፈልግም ብሎ ከወጣም ከፍሎ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይዞ ይሄዳል። በነጻ የተሰጠ ምርመራ በጥድፊያ ይሠራል፤ በጥድፊያ የተሠራ ምርመራ ደግሞ ጤናማ ዕቃ ያስቀይራል።

ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ሳይፈታ ከሚታየው ወደሚፈታው መሄድ የማይለወጥ ሥርዓት ነው። ይህን በአንድ የተለመደ ጉዳይ ማየት ይቻላል። ወደ ሽሮ ሜዳ ሰው ጭኖ ሲወጣ «ይሞቃል፣ ውሃ ይተፋል» የተባለ ዶልፊን ሚኒባስ ሲገባ የብዙ መካኒክ የመጀመሪያ ቃል «ቴስታታው ነው» የሚል ነው። ቴስታታ ማውረድ የቀናት ሥራ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ፣ የማስላሻው ሒሳብ፣ የቀሩት ቀናት የባለቤቱ ገቢ ተደምረው ከባድ ገንዘብ ይሆናሉ። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ይታያል። ከሥሩ ያለው ጎማ ደርቆ፣ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዞ፣ ስፕሪንጉ በጣት ሲጫኑት የላላ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በተለመደው ሥራው 90 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ልዩነቱን የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤናማ ክዳን የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ምንም ያልነካው ሞተር ዳገት ላይ ይፈላል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የውሃው መጠንና ቀለም፣ ቀጥሎ የቬንትሌተሩና የቺንጋው ሁኔታ፣ ከዚያም በግፊት መሞከሪያ ሲስተሙ የሚያፈስበት ቦታ ይታያል። ቴርሞስታቱ ወጥቶ በድስት ውኃ ውስጥ ከሙቀት መለኪያ ጋር ይሞቃል፤ 82 የሚል ማኅተም ያለው ውሃው ሳይፈላ መከፈት ሲጀምር መታየት አለበት። 88 የሚለው ግን እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ውስጥ እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል፤ ይህ የቴርሞስታቱ ብልሽት አይደለም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ የተለመደ ቢሆንም ጉዳት አለው፤ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ሳይሞቅ ስለሚሠራ የሞተሩ መበላት ይፋጠናል። ራዲያተሩ ሲዳሰስ አንዱ ጎን ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗል ማለት ነው። ቴስታታው የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ታይቶ፣ በራዲያተሩ አፍ ሳያቋርጥ አረፋ ሲወጣ፣ ወይም ዘይቱ ከውሃ ተቀላቅሎ ቡኒ ወተት ሲመስል ነው።

የከፍታው ነገር በሌላም ሥራ ላይ ይመጣል። የሲሊንደር ግፊት ሲለካ የፋብሪካው ማኑዋል የሚሰጠው ቁጥር በባሕር ጠለል ደረጃ የተወሰደ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጤናማ ሞተርም ከማኑዋሉ ከአምስተኛ እስከ ሩብ የወረደ ቁጥር ያሳያል። 13 ባር የተጻፈለት ሞተር 10 ባር ቢያሳይ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ይልቅ የሲሊንደሮቹ ልዩነት ይታይ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ያ ነው ቁም ነገሩ።

ኮምፒውተር ያላቸውን መኪኖች በስካነር ማንበብ አሁን ግድ ነው። ነገር ግን ስካነር የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም፤ ኮምፒውተሩ የተመለከተውን ምልክት ይናገራል። ፒ 0171 የሚለው ኮድ ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን አንሷል ማለት ነው። ኮዱን አንብቦ የኦክስጅን ሴንሰር ማስቀየር የተለመደ ስህተት ነው፤ የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ይህንኑ ኮድ ያመጣል። ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ከጠፋ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

መለዋወጫ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ትናንት እንደተጠየቀ አይገኝም። ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን፣ ለምሳሌ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ይጻፋል፤ የመለዋወጫው ሒሳብም በቀብድ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል። ቀብዱ ለእጅ ዋጋው ይሆናል። በራሱ ገንዘብ ለደንበኛ ዕቃ የሚገዛ ጋራዥ ባንክ ሆኗል ማለት ነው፤ ያውም ወለድ የማይከፈለው።

ዕቃ የሚገዛው በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩ፣ ከተቻለም የተፈታው አሮጌ ዕቃ እንደ ናሙና ተይዞ ነው። አንድ ቪትዝ በዓመቱና በሞተሩ ዓይነት የተለያየ ዕቃ ይወስዳል፤ የተሳሳተ ኩሽኔታ ይዞ ከሶማሌ ተራ መመለስ ግማሽ ቀን ያቃጥላል። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ገዝቼ አመጣለሁ ካለ መብቱ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ተጽፎ ይፈርማል። ጋራዡ ዋስትና የሚሰጠው ለሥራው እንጂ ለዕቃው አይደለም፤ ዕቃው ከተባለው ቀን ካለፈም መኪናው ከሥራ ቦታው ተነስቶ በየቀኑ የማቆሚያ ሒሳብ ይታሰብበታል።

መካኒክ ከመለዋወጫ ሱቅ በድብቅ የሚቀበለው ኮሚሽን የሙያውን ስም ከሚያጠፉት ሁሉ የከፋ ነው። ደንበኛው የማያውቀው ጭማሪ ይከፍላል፤ መካኒኩም ደህናውን ዕቃ ትቶ የተሻለ ኮሚሽን የሚሰጠውን ይመርጣል። መድኃኒቱ ጋራዡ ራሱ ግዢውን ይዞ የሱቁን ደረሰኝ ለደንበኛው ማሳየት፣ ለማፈላለጉና ለትራንስፖርቱ ደግሞ የታወቀ መቶኛ በግልጽ መጨመር ነው። መካኒኮቹ ይህን የሚቀበሉት ደመወዛቸው ከኮሚሽኑ ያመለጣቸውን ሲተካ ብቻ ነው፤ ይህ ሳይሆን ሲቀር ክልከላው ነገሩን የበለጠ ይደብቀዋል።

ኦሪጅናል፣ የታይዋን፣ የቻይና፣ ያገለገለ የሚባሉት በዋጋም በዕድሜም ይለያያሉ። የአራቱንም ዋጋ ጎን ለጎን ጽፎ ደንበኛው እንዲመርጥ ማድረግ ይገባል። ለፍሬን፣ ለመሪና ለፊት እግር ግን ምርጫ መስጠት አይገባም፤ ርካሹን ካልሆነ አልሠራም የሚል ደንበኛ መሸኘት ነው። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ የሚሰፍር በመሆኑ ሕጋዊ ሰነድ የሌለውን መግጠም ባለመኪናውን በዓመታዊ ምርመራ፣ ጋራዡን ደግሞ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ስፖኪዮና የፊት መብራትም ምንጩ ይጠየቅ፤ ከሌላ ደንበኛ መኪና ላይ የተነቀለ ሊሆን ይችላል።

የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት ሆኖ ለባለቤቱ ይመለሳል። የተበላ የፍሬን ሸራውን በእጁ ይዞ ያየ ደንበኛ ስለ ሒሳቡ ብዙ አይጠይቅም።

ዱቤና ኢንሹራንስ

የድርጅትና የኢንሹራንስ ሥራ ግቢ ይሞላል፤ ክፍያው ግን ይዘገያል። ብረት ቀጥቃጩና ቀለም ቀቢው በሳምንቱ ይከፈላሉ፤ ቀለሙና ላሜራው በእጅ በእጅ ይገዛል፤ ቼኩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዱቤ የሚያዘው ሥራ ከጠቅላላው ሥራ ሲሶ እንዳይበልጥ መገደብ ይመከራል። ከሥራው በፊት የክፍያው ቀን በውል ይወሰናል፤ ያለፈውን ያልከፈለ ድርጅት አዲስ መኪና አያስገባም።

በአደጋ ሥራ ላይ ትልቁ ወጥመድ የተደበቀ ጉዳት ነው። ፕሮፎርማ ሲሞላ ኮፈኖና ፓራውልት ብቻ ይታያል፤ ሲፈታ የራዲያተሩ ማቀፊያ ተጣሞ፣ ሻንሲው ተንቀሳቅሶ ይገኛል። ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ፎቶ ይነሳል፤ የኢንሹራንሱ ባለሙያ መጥቶ አይቶ ተጨማሪው በጽሑፍ እስኪፈቀድ አይነካም። «ቀጥሉ፣ እናስተካክላለን» ተብሎ በስልክ የተሠራ ተጨማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል።

ሠራተኛ

ጥሩ መካኒክ ከጋራዥ ወጥቶ ደንበኛውን ይዞ የራሱን ይከፍታል። ይህን በውል ለመከልከል መሞከር ፋይዳ የለውም፤ የሚያቆየው ክፍያና ክብር ነው። በፐርሰንት ብቻ የሚከፈለው መካኒክ ቶሎ የሚያልቅና ብዙ የሚያስገኝ ሥራ ያሳድዳል፤ ጊዜ የሚፈጅ የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ ለማንም አይደርስም። በደመወዝ ብቻ የሚከፈለው ደግሞ የሚፋጠንበት ምክንያት ያጣል። ኑሮ የሚያስችል መነሻ ደመወዝ ሆኖ ሳይመለስ ለቀረ ሥራ የሚታከል ጉርሻ ቢኖር የተሻለ ሚዛን ይሰጣል። ለተመለሰ ሥራ የተለየ መዝገብ ይያዝ፤ መኪናው፣ የሠራው ሰውና የተመለሰበት ምክንያት ይጻፍበት። ዓላማው ቅጣት አይደለም። አንድ መካኒክ በተደጋጋሚ የሚስተው ሥራ ካለ መማር የሚገባው እሱን ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ለጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ከቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚመጡ ተለማማጆች ንድፈ ሐሳቡን ይዘው ይመጣሉ፤ ጎማ ሲያጥቡ ብቻ ከዋሉ ግን ይዘውት እንደመጡ ይረሱታል። በቀን አንድ ሥራ ከአንድ መካኒክ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲከታተሉ ማድረግ ለጋራዡም ነገ የሚሆን ሰው ያፈራል።

ደኅንነትና ቆሻሻ

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ድንጋይም ብሎኬትም ማስደገፊያ አይደሉም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ማስደገፊያ ዋጋ ከአንድ ቀን ሆስፒታል አይበልጥም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ላይ የነዳጅ መስመር አይፈታም፣ ብየዳም አይሠራም። የአሮጌ መኪና የፍሬን አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በኮምፕረሰር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

የተቃጠለ ዘይት በተከደነ በርሜል ተጠራቅሞ ለሚረከብ ይሰጣል፤ ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ውሃ ጋር አይቀላቀልም፣ ወደ ቦይም አይደፋም። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዞች ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ የከተማው ገበታ ላይ ይቀርባል።

የኤሌክትሪክ መኪና

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቢዋይዲና የፎልክስዋገን አይዲ መኪኖች በከተማው መንገድ ላይ በዝተዋል። ለጋራዥ ይህ የገቢ ለውጥ ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ማርሚታ የላቸውም፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራቸውም ይቆያል። የቀረው ሥራ የፊት እግር፣ ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ ኤሲ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪና አካል ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ቪትዝ 1,000 ኪሎ ገደማ ሲመዝን አይዲ 4 ደግሞ 2,000 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ጎማና የፊት እግር ዕቃ ቶሎ ይበላል። «አልነሳም አለ» ተብሎ የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና መጀመሪያ የሚታየው ባለ 12 ቮልቱ ባትሪው ነው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም።

ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ ግን በመቶዎች ቮልት የሚሄድበት ነው፤ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው አይነካውም። ሊሠራ የሚፈልግ ጋራዥ ሰው አሠልጥኖ፣ እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል የተፈተሸ ጓንትና ለዚያ ደረጃ የሚሆን መለኪያ ገዝቶ ይጀምራል። ከፍተኛው ቮልት ከተቋረጠ በኋላም በውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወጣ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያም ዜሮ መሆኑ በመለኪያ ይረጋገጣል።

ይህን ሥራ የማይሠራ ጋራዥም ቢሆን ጎማ ለመቀየር መኪናውን ያነሳልና አንድ ነገር ለሁሉም መካኒክና ረዳት መነገር አለበት። ትልቁ ባትሪ ያለው ከወለሉ ሥር ነው። ክሪክ የሚገባው አምራቹ በጎኑ ጠርዝ ላይ ምልክት ባደረገባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው፤ መሃል ወለሉ ላይ የገባ ክሪክ የባትሪውን ሽፋን ሊያጎብጥ ወይም ሊበሳ፣ ከዚያም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሥዕሉ ከመኪናው መመሪያ ተወስዶ በሊፍቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሊፍቱና የክሪኩ የመሸከም አቅምም ከሥሩ ይጻፍ።